ላፕቶፑን ሦስተኛ ጊዜ ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህታችን አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አላት። የምትሠራበት ላፕቶፕ ኤችፒ ፕሮቡክ፣ ኮር አይ 3 ሦስተኛ ጄኔሬሽን፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 ነው። "ወርድ ላይ ቀኑን ሙሉ ብጽፍ ምንም አይለኝም፣ ክሮም ከፍቼ አራት አምስት ታብ ስደርስ ግን ስታክ ያደርጋል፣ ማውሱ ራሱ ድርቅ ይላል፣ ፎርም የሚያስሞላ ሰው አጠገቤ ቆሞ እያየ ፓወሩን ተጭኜ አጠፋዋለሁ። ሁለቴ ፎርማት አስደረግኩት፣ ሳምንት ሻል ይለውና ይመለስበታል። አንዱ ራም ቀይሪ ይለኛል፣ አንዱ ፕሮሰሰሩ አርጅቷል ሽጪው ይለኛል፣ ብሬን ከማባከኔ በፊት የሚያውቅ ይንገረኝ" ነው ያለችው።

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ፣ እንኳንም እንዲህ ዘርዝረሽ ጻፍሽ። እኔም እዚሁ አዳማ ነው የምጠግነው፣ ያንቺ ዓይነት ላፕቶፕ በሳምንት ሁለት ሦስት ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል፣ አብዛኛው ደግሞ እንዳንቺ ሁለት ሦስቴ ፎርማት ተደርጎ ነው የሚመጣው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ፦ ማሽንሽ አልሞተም፣ የሚሸጥ አይደለም፣ ፎርማትም አያድነውም። ያለበትን ለማወቅ ደግሞ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ አንድ ብር አታወጪም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ አሥር ደቂቃ ሳይታይ ፎርማት ተደርጎ ሰው ፋይሉን ማጣቱ ነው።

በጥያቄሽ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች፣ ማውሱ ራሱ ድርቅ ይላል ብለሻል። ይቺ ትልቅ ምልክት ናት። የታመመው ክሮም ብቻ ቢሆን ኖሮ የክሮሙ መስኮት ነጣ ብሎ ኖት ሪስፖንዲንግ ይል ነበር፣ ማውሱ ግን እንደልቡ ይሄዳል፣ ወርድሽም ይከፈታል። መላው ማሽን ከነማውሱ ሲቆም ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ያለው ከታች ነው፣ ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ፣ ሞልቶ ዲስኩ ሊሸከመው ያልቻለ ሥራ ተጭኖበት ነው። ላፕቶፑ ላይ ትንሽ የዲስክ መብራት አለች፣ ስታክ ሲያደርግ እሷን እያት፣ ያለ ማቋረጥ በርታ ከቀረች ማሽኑ አልቆመም ማለት ነው፣ ውስጡ እየተሯሯጠ ነው፣ አንቺ ጋ መድረስ አቅቶት ነው።

ምን እየሆነ እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ካየሽ ማንም መጥቶ አያታልልሽም። ዊንዶውስ 10 ተነስቶ ሲረጋጋ ብቻውን ከ1.5 እስከ 2 ጂቢ ይይዛል። ግራፊክሱ የራሱ ሚሞሪ ስለሌለው ከዚችው ከአራቷ ይካፈላል። የቀረሽ ሁለት ጂቢ ግድም ናት። ክሮም ደግሞ ከ2018 ወዲህ፣ ከቨርዥን 67 ጀምሮ ማለት ነው፣ እያንዳንዱን ሳይት ለየብቻው ፕሮሰስ፣ ራሱን እንደቻለ ፕሮግራም ማለት ነው፣ አድርጎ ነው የሚከፍተው። ለደህንነት ተብሎ ነው፣ አንዱ ሳይት የሌላውን መረጃ እንዳይሰርቅ፣ ጥሩ ሥራ ነው አልቃወመውም፣ ግን ሚሞሪ ይበላል። ጂሜይል፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ አንድ አንዳቸው 200 እና 300 ሜጋ በቀላሉ ይወስዳሉ፣ ማስታወቂያ የሞላበት የፊልም ሳይት ከዛም ይብሳል። አራት አምስት ታብ ላይ ስታክ ማድረጉ እንግዲህ ሂሳቡ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ አሁን የማትጠቀሚበትን ቁራጭ አንስቶ ሃርድ ዲስኩ ላይ ፔጅ ፋይል የሚባል ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ወደዛ ታብ ስትመለሺ ደግሞ መልሶ ያመጣዋል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር ነው የሚሽከረከረው፣ አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል፣ በዛ ላይ የሚያነበው ክንድ ከቦታ ቦታ መሄድ አለበት፣ ሲደማመር አንዲት ቁራጭ ለማግኘት 15 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። በሰከንድ ስልሳ ሰባ ቁራጭ ቢያመጣ ነው። አንዷ ቁራጭ 4 ኪሎ ባይት ናት። 200 ሜጋ የሆነ ታብ ተበታትኖ ተቀምጦ ቢሆን ከሃምሳ ሺህ ቁራጭ በላይ ነው፣ አንድ በአንድ ቢለቀም አሥራ ሦስት ደቂቃ ግድም ይፈጅበታል። ዊንዶውስ ቁራጮቹን እየሰበሰበ ስለሚያነብ እዛ ድረስ አይደርስም፣ ግን ሦስት አራት ደቂቃ አፍጥጠሽ የምትቀመጪው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባሻል። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ማስቀመጫ ግን ያቺኑ አንዷን ቁራጭ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ያመጣታል፣ የሚሽከረከርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለውማ። ያው ሃምሳ ሺህ ቁራጭ አምስት ሰከንድ ግድም ማለት ነው።

ፎርማት ሲደረግ ሳምንት ለምን ሻል አለው ካልሽኝ፣ ያኔ ማሽኑ ሲነሳ አብሮት የሚነሳ ጓዝ የለም፣ ክሮሙም ባዶ ነው። ከዛ አንቺ ጂሜይልሽን ታስገቢና ሲንክ ኦን ትያለሽ፣ ቀድሞ የነበሩት ኤክስቴንሽኖች በሙሉ ከአካውንትሽ ጋር ተመልሰው ይጫናሉ። ይሄን ብዙ ጠጋኝ ራሱ አያስበውም። ቴሌግራሙ፣ አንቲቫይረሱ፣ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር አንድ በአንድ ይመለሳሉ፣ 4 ጂቢዋ ግን ያቺው 4 ጂቢ ናት።

አሁን ወደ አሥር ደቂቃዋ እንሂድ። ማሽኑን ሪስታርት አድርጊና ምንም ሳትነኪ አምስት ደቂቃ ይረጋጋ። ከዛ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ ትንሽ ሆኖ ከመጣ ከታች ሞር ዲቴይልስ የምትለውን ንኪ። ኦፕሽንስ ውስጥ ኦልዌይስ ኦን ቶፕ የሚል አለ፣ እሱን ምልክት አድርጊበት፣ ስታክ ካደረገ በኋላ ልክፈተው ብትይ እሺ አይልሽም፣ ቀድሞ ከላይ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት። ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተሽ ሚሞሪው ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዛ ክሮም ክፈቺና ሁልጊዜ የምትከፍቻቸውን ሳይቶች አንድ በአንድ ክፈቺ፣ በየታቡ ሚሞሪ፣ ዲስክና ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) ስንት እንደደረሱ ጻፊ። ሲቆምም በስልክሽ ስክሪኑን ፎቶ አንሺው።

ሚሞሪው ከ85 ፐርሰንት አልፎ ዲስኩ አብሮ 100 ላይ ከተለጠፈ ቅድም የነገርኩሽ ነው፣ ራም አንሶ ዲስኩ ላይ እየተፈናጠጠ ነው። ያንቺን ሳየው ይሄ ነው ብዬ ነው የምገምተው።

ሚሞሪው ግን 50 ወይ 60 ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ካለ ቁም ነገሩ ይቀየራል፣ እዚህ ጋ ቆም በይ። እዛው ዲስኩን ስትነኪው አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚል ቁጥር አለ፣ በሚሊ ሰከንድ ነው፣ ሃያ ሠላሳ እያለ ቢዋዥቅ የሥራ ጫና ነው፣ ብዙም ሳይሠራ በመቶዎችና በሺዎች ከቆጠረ ግን ዲስኩ ራሱ እየታመመ ሊሆን ይችላል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልክ እንዳንቺ ክሮም ስታክ ያደርግብኛል ብሎ ያመጣልኝን አልረሳውም። ከኔ በፊት የወሰደበት ቤት ሳያይ ፎርማት አድርጎለት ነበር። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አስገባሁና ከፈትኩት፣ ኮሽን የሚል ቢጫ አወጣ፣ ፔንዲንግ ሴክተር የሚለው መስመር ላይ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ ቁጥር ተሞልቷል፣ ማለትም ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃቱት ቦታዎች ናቸው። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ ክንዱ ሄዶ ሳይሳካለት ተመልሶ እንደገና ሲሞክር ነው። ክሮም ካሽ የሚባለውን ጊዜያዊ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ከነዚህ ቦታዎች አንዱ ላይ ካረፈ ዲስኩ ደጋግሞ ይሞክራል፣ እስኪሳካለት መላው ማሽን ይጠብቀዋል። ጥፋቱ የክሮም መስሎ ይታያል እንጂ ክሮም ምንም አላደረገም። የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍ ፎርማቱ ላይ ሄዷል። ኢሜይሉ ላይ የቀረ አሮጌ ኮፒ ነበረው፣ ከዛ ነው የቀጠለው። ስለዚህ አንቺ ዲስኩ ቢጫ ካሳየሽ ቼክ ዲስክም (የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ) ፎርማትም እንዳታስደርጊ፣ በመጀመሪያ የደንበኛና የራስሽን ፋይል ፍላሽ ላይም ሌላ ዲስክ ላይም ቅጂ፣ ከዛ ነው ሌላው ወሬ።

እዚህ ላይ ፓወሩን ተጭኜ አጠፋዋለሁ ያልሽው አሳስቦኛል። ዲስኩ እየጻፈ እያለ ድንገት ሲጠፋ ፋይል ይበላሻል፣ ሲደጋገም ዲስኩንም ይጎዳዋል። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ያው ነው፣ መብራቱ እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስታክ ሲያደርግ የዲስኩ መብራት እየበራ ከሆነ አምስት ደቂቃ ታገሺው፣ ታስክ ማናጀሩ ቀድሞ ተከፍቶ ከተቀመጠ ትንሽ ሲለቅልሽ ክሮምን መርጠሽ ኤንድ ታስክ በይ። ሌላው ሁሉ ካልተሳካ ብቻ ነው ፓወር።

ሦስተኛው፣ ሚሞሪም ዲስክም ደህና ሆነው ሲፒዩ 100 ላይ ከተሰቀለ ነው። ቪዲዮ ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ዩቲዩብ ዛሬ ቪዲዮውን በብዛት የሚልከው ቪፒ 9 ወይም ኤቪ 1 በሚባል አዲስ ፎርማት ነው፣ የሦስተኛ ጄኔሬሽን ግራፊክስ ደግሞ ኤች 264ን እንጂ እነዚህን በራሱ መፍታት አይችልም፣ ስለዚህ ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ኤች 264 ኢፋይ የሚባል ትንሽ ኤክስቴንሽን ብሮውዘርሽ ከተቀበለው ዩቲዩብን አሮጌውን ፎርማት ላክልኝ ይልልሻል፣ ልዩነቱን ወዲያው ታይዋለሽ። ካልሆነም ጥራቱን 480 ላይ አድርጊው፣ ለጥቅልሽም ይሻላል።

ምንም ሳትከፍቺ ሲፒዩው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግን ዊንዶውስሽና ኦፊስሽ በምን አክቲቬት እንደተደረጉ አስቢ። ብዙዎቹ አክቲቬተሮች የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን አጥፊ ይላሉ፣ ያኔ አብሮ የሚገባው ነገር አንዳንዴ በማሽንሽ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ለሌላ ሰው የሚቆፍር ነው። ታስክ ማናጀር ሲከፈት የሚደበቅም አለ። ዲፌንደርን መልሰሽ አብሪና ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስኪጂው። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ካለሽም አንዱን አውጪው፣ አንዱ የሌላውን ፋይል ሲፈትሽ ነው የሚውለው።

ሙቀትስ? አዳማ ላይ ይሄን መዝለል አይቻልም። ነፋሱ የበጋውን አቧራ ይዞ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ፣ መንገድ ዳር ያለ ኮፒ ቤት ደግሞ ከአቧራው ላይ የወረቀቱና የቶነሩ ብናኝ ይጨመርበታል። በቀደም አንዱን ፕሮቡክ ፈታሁት፣ ፋኑ ራሱ ንጹህ ነበር፣ ባለቤቱም በየወሩ በብሩሽ አጸዳዋለሁ ነው ያለኝ፣ ግን ፋኑን ሳነሳው በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መሃል አቧራው ተጠቅጥቆ ጣት የሚያህል ብርድ ልብስ ሠርቷል፣ በፒንሴት ይዤ ስስበው እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ተነቅሎ ወጣ። ፋኑ ይጮሃል፣ አየሩ ግን አይወጣም። ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይሄንንም ራስሽ ታይዋለሽ፣ ቪዲዮ እያጫወትሽ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ ላይ ስፒድ የሚለውን ተመልከቺ፣ ሥራ በዝቶበት እያለ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ መሆን ሲገባው 1.2 እና ከዛ በታች ከወረደ ፋን ማስጸዳትና ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ማስቀየር ነው። ሥራ ሳይኖረው ቢወርድ ግን ጤነኛ ነው፣ እሱ እንዳያደናግርሽ። ስታስጸጂ "ፋኑን አንሥተህ ከኋላው አጽዳልኝ" በይው፣ በውጭ በብሎወር ነፍቶ የሚመልስልሽ ከሆነ ያ ብርድ ልብስ እዛው ነው።

ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው ስክሪኑ ብቻ ከደረቀ ወይ ጥቁር ካለ የግራፊክስ ድራይቨር (ግራፊክሱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ነው፣ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለው ጋ ግራፊክስ አክስለሬሽንን አጥፊና ሪላውንች አድርጊ። ተሻለው? እዛው ተይው። ካልተሻለው መልሰሽ አብሪው፣ ያለ ምክንያት ማጥፋት ለፕሮሰሰሩ ሸክም መጨመር ነው።

እንግዲህ ብር ሳታወጪ ዛሬውኑ የምታደርጊው። ክሮም ውስጥ ሆነሽ ሺፍትና ኢስኬፕ ተጫኚ፣ የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር ይወጣል፣ የትኛው ታብና የትኛው ኤክስቴንሽን ስንት እንደሚበላ በስም ይነግርሻል። ሚሞሪ የሚለውን ነክተሽ ከትልቁ ወደ ትንሹ አሰልፊው። ኮፒ ቤት ላይ ሁሌ የማየው ነገር፣ ደንበኛ አንዴ ፒዲኤፍ ለመቀየር ያስጫነው ኤክስቴንሽን፣ የቪዲዮ ማውረጃ፣ ኩፖን ምናምን፣ ማን እንዳስገባው የማይታወቅ ስድስት ሰባት ይገኛል። የማታውቂውን ሁሉ ሪሙቭ በይው፣ ዲሴብል አይበቃም። ከዛ ሴቲንግ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚል አለ፣ ሚሞሪ ሴቨርን አብሪው፣ የማታዪውን ታብ ያስተኛልሻል፣ ፎርም እየሞላሽበት ያለውን ሳይት ግን እንዳያስተኛው ኦልዌይስ ኪፕ ዝርዝር ውስጥ አስገቢው፣ እንዲህ ካልሆነ የሞላሽው ሊጠፋ ይችላል። ሲስተም የሚለው ጋ ክሮም ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ ይሥራ የሚለውን አጥፊ። ኖቲፊኬሽንም እይ፣ አንዴ አሎው የተባለ የፊልም ሳይት ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ ይልካል፣ አንዳንዱም ቫይረስ አለብሽ እያለ ያስፈራራል፣ ዝርዝሩን ክፈቺና የማታውቂውን አውጪ።

ታስክ ማናጀሩ ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ገብተሽ ቴሌግራምንም ሌላውንም ዲሴብል አድርጊ፣ ስትፈልጊው ራስሽ ትከፍችዋለሽ። ሲ ድራይቭ ላይ ደግሞ ባዶ ቦታ ይኑር፣ ሞልቶ ቀይ ከሆነ ፔጅ ፋይሉም መተንፈሻ ያጣል።

ክሮምን ትቼ ሌላ ልጠቀም ወይ ካልሽ ፋየርፎክስ ሞክሪ፣ ዋናው ምክንያቴ ማስታወቂያ የሚያግደው ኤክስቴንሽን፣ ዩብሎክ ኦሪጅን ነው። ክሮም የኤክስቴንሽን አሠራሩን ሲቀይር ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን እሱ ላይ መሥራት አቁሟል፣ ላይት የሚባለው ነው የቀረው፣ ፋየርፎክስ ላይ ግን ሙሉው አለ። ማስታወቂያውን ከመውረዱ በፊት ስለሚያስቀረው ራምም ዳታም ይተርፍልሻል፣ እንዳንቺ ላለ ማሽን ከየትኛውም የፍጥነት ፕሮግራም የበለጠ ጥቅም ያለው እሱ ነው። ብሮውዘር መቀየር ብቻውን ግን ተአምር አይሠራም፣ ከባድ ሳይት የትም ከባድ ነው።

ወደ ብሩ ስንመጣ፣ ራም ቀይሪ ያለሽ ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ግን አንዱን ብቻ መግዛት የምትችይ ከሆነ እኔ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ነው የምልሽ። ራሙ ቢያንስም ፔጅ ፋይሉ ኤስኤስዲው ላይ ሲሆን ሦስት ደቂቃ መድረቅ የነበረው ሁለት ሦስት ሰከንድ መንተፋተፍ ይሆናል፣ በዛ ላይ ማሽኑ ሲነሳ፣ ወርድ ሲከፈት፣ ፕሪንት ስታዥ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። ራም ብቻ ብትጨምሪ የክሮሙ ይሻላል፣ ሌላው ያው እንደ ቀድሞው ነው፣ ዲስኩ ከታመመ ደግሞ ራሙ ምንም አይፈይድም። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው የምትገዢው፣ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነችዋ ኤንቪኤምኢ ላፕቶፕሽ ላይ አትገባም። ላንቺ ሥራ 240 ጂቢው ይበቃል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ አይጣል፣ ካዲ በሚባለው መያዣ አድርገሽ በዲቪዲው ቦታ ማስገባት ይቻላል፣ የፋይል ማስቀመጫ ይሆንልሻል።

ራም ስትጨምሪ፣ ታስክ ማናጀር ሚሞሪ ውስጥ ስሎትስ ዩዝድ የሚል አለ፣ 1 ከ 2 ካለሽ እድለኛ ነሽ፣ ያለችውን ሳታወጪ አንድ 4 ጂቢ ብቻ ጨምረሽ 8 ታደርሻለሽ። ያንቺ ማሽን የሚወስደው የላፕቶፕ ዲዲአር 3 ነው፣ የዴስክቶፑ ረጅም ስለሆነ አይገባም። ሁለት ዓይነት አለ፣ አንዱ 1.5 ቮልት፣ ሌላው ኤል የተጻፈበት 1.35 ቮልት፣ ያንቺ ሁለቱንም ይቀበላል። ይሄን የምነግርሽ ኤል ያለበትን ብትገዢ ይሻላል ለማለት ነው፣ ነገ አራተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ብትገዢ ብዙዎቹ ኤሉን ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ራሙ ይተርፍልሻል። ያገለገለ ስለሚሆን ከሱቁ ሳትወጪ አስገጥመሽ ዊንዶውስ ሚሞሪ ዳያግኖስቲክን አስኪጂው፣ ደህና የሚመስል ግን የተበላሸ ራም ራሱ ስታክ ያደርጋል።

አንድ ነገር ከመግዛትሽ በፊት ግን ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብተሽ ሲስተም ታይፕ የሚለውን አንብቢ። ፎርማት ያደረገልሽ ሰው 32 ቢት ጭኖልሽ ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ አያይም፣ 8 ብታደርጊውም ብርሽ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ፎርማት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ወደ 64 ቢት ለመቀየር።

ሰው ሲመክርሽ እምቢ የምትያቸው ነገሮችም አሉ። "ዊንዶውስ 7 ይቀላል እሱን ልጫንልሽ" ይሉሻል። ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2020 ጥር ላይ በፈረንጆቹ አቁሟል፣ ክሮምም እዛ ላይ በ2023 መጀመሪያ ቨርዥን 109 ላይ ቆሟል፣ የሰው መታወቂያና ፓስፖርት የሚሞላበት ማሽን ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይጫንም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ የኢንቴል ማሽን አይቀበልም፣ በዘዴ ቢጫንም ለ4 ጂቢ ሸክም ነው። የዊንዶውስ 10ም መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ስለዚህ ብሮውዘርሽ ሁልጊዜ አፕዴት ይሁን፣ ዲፌንደርም ይብራ። ራም ቡስተር፣ ራም ክሊነር የሚባሉትን አትንኪ፣ ራሙን ገፍተው ወደ ዲስክ ነው የሚልኩት፣ ያንቺ በሽታ ደግሞ እሱ ነው። ፔጅ ፋይሉንም "እናጥፋው" የሚል ካለ እምቢ በይ፣ ያኔ ስታክ ማድረጉ ቀርቶ ታቦቹ ራሳቸው መሞት ይጀምራሉ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ቀለል ያለ ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን የመከረሽ ካለ መጥፎ ምክር አይደለም፣ ለተማሪ እኔም እጭናለሁ፣ ያንቺ ቤት ግን በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዓመታት ፋይልና ወርድ ያለበት ነው፣ ላንቺ አልመርጠውም።

ዕቃው እስኪገዛ ድረስ ለደንበኛ ፎርም ስትሞዪ በራስሽ አካውንት አትሙዪ። ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ያለውን የፕሮፋይል ምስል ንኪና ገስት የሚለውን ክፈቺ። ገስት ላይ ኤክስቴንሽን የለም፣ የራስሽን መስኮት ዘግተሽ እሱን ብቻ ከከፈትሽ ማሽኑ በጣም ይቀለዋል፣ ስትዘጊው ደግሞ የሰውየው ኢሜይል፣ ፓስወርድና የሞላው ሁሉ ከብሮውዘሩ ላይ ይጠፋል። ያወረድሽው ፒዲኤፍ ግን ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይቀራል፣ ፕሪንት ካደረግሽ በኋላ እሱን በእጅሽ አጥፊው። ሰው የልደት ቀኑን፣ የእናቱን ስም፣ የፓስፖርት ቁጥሩን አምኖሽ ነው የሚሰጥሽ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛ እንዳያየው።

ቁጥሮቹን ስትጽፊልኝ እነዚህን አትርሺ፦ ክሮም ከመከፈቱ በፊት ሚሞሪው ስንት ነበር፣ ሲቆም ሚሞሪ፣ ዲስክና ሲፒዩ ስንት ስንት ነበሩ፣ ስሎት ስንት አለሽ፣ 32 ነው 64 ቢት፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሰማያዊ ነው ያሳየሽ ቢጫ። ቢጫ ከሆነ መልሴን ሳትጠብቂ ዛሬ ማታውኑ ፋይልሽን ቅጂ።